የኮርቻው ጌታና የኮርቻው ሠሪ

በኢትዮጵያ የመንግሥት ሥርዓት ሰው ወደ ማዕርግ ሲወጣ ከንጉሡ እጅ ከሚቀበለው ሽልማት አንዱ በቅሎ ከነመጣብሩ ነበረ። ካባውና ጎራዴው ሰውዬው ቀርቦ ካልታየ በቀር አይለዩም፤ የበቅሎዪቱ ዕቃ ግን ፀሐይ ሲያገኘው ገና ከሩቅ ያበራልና የሚመጣው ማን እንደ ሆነ፥ በደጅ የቆመውም አሽከር ምን ያህል ጎንበስ ማለት እንደሚገባው አስቀድሞ ያስታውቅ ነበር። በወርቅ የተለበጠ መጣብር፥ በብር ያጌጠ ልጓም፥ በከፋይ የተሸፈነ ኮርቻ፥ በሐር የተጠለፈ ግላስ ሀብት ስላለው ብቻ ማንም ሰው ገዝቶ የሚጭነው አልነበረም፤ የንጉሥ ወይም የታላቅ መኰንን ስጦታ መሆን ነበረበት።

ዛሬ ይህ ዕቃ ከበቅሎዪቱ ጀርባ ወርዶ በአዲስ አበባ በፒያሳና በቸርችል ጎዳና በአሮጌ ዕቃ መደብሮች ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታያል። ገዢው የውጭ አገር እንግዳ ወይም ሳሎኑን በጥንት ዕቃ ማስጌጥ የወደደ ያገራችን ባለጸጋ ነው። ዋጋ ሲጠይቅ ሻጩ ቶሎ ብሎ «ይህ እኮ የራስ እገሌ ኮርቻ ነበር» ይለዋል። እውነት ይሁን ሐሰት የሚመረምር የለም፤ የራሱ ስም ግን ዋጋውን ከፍ ያደርገዋል። ገዢም ሻጭም የማያነሡት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ማን ሠራው?» የሚለው ነው። እኛም ዛሬ በዚህ ገጽ የምንጽፈው ስለዚሁ ስላልተጠየቀው ጥያቄ ነው፤ ነገሩንም የምናየው ኮርቻ የክብር ዕቃ ብቻ ሳይሆን የእንጀራ ዕቃ ሁኖ በኖረበት በመቱና በኢሉባቦር ከተሞች በኩል ነው።

ኢሉባቦርን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ጎሬ የገዢው መቀመጫ በነበረችበት ዘመን፥ ይልቁንም ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው በገዙበት ጊዜ፥ ከመኰንኑ ጋራ የሰፈረው ጭፍራ ሁሉ የሚቀመጥበትና የሚጭንበት ኮርቻ ያስፈልገው ነበር። ተሰማ ገና ደጃዝማች ሳሉ በ1890 ዓ.ም. ከደጋው ወርደው በመሩት ዘመቻ ከጦራቸው አንዱ ክፍል እስከ ነጭ ዓባይ ዳር ደርሶ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ተክሏል፤ ከዘማቹም ብዙው በቆላው ንዳድ ቀርቷል። ራስ ተሰማ የልጅ ኢያሱ ሞግዚት ሁነው ሳሉ በ1903 ዓ.ም. ዐረፉ። የአገሩም ዋና ከተማነት በኋላ ዘመን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ወደ መቱ ተዛወረ።

ነገር ግን የመኰንኑ ኮርቻ ከነጋዴው ኮርቻ ጋራ ሲተያይ እጅግ ጥቂት ነው። በ1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር ለሱዳን የንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ ተሰጠ፤ ጋምቤላም በዚህ ምክንያት የወንዝ ወደብ ሆነች። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ መንግሥት ከሆነች በኋላ ጣቢያው ለኢትዮጵያ እስኪመለስ ድረስ የመቱ፥ የጎሬና የቡሬ ቡና፥ ሰሙና ቆዳው በዚያ በኩል ወደ ካርቱም ይወርድ፥ ጨውና ጨርቅም በዚያው ይወጣ ነበር። መርከቡ የሚመጣው ባሮ በሚሞላበት በክረምት ነው፤ የደጋው መንገድ ደግሞ በክረምት ጭቃ ነው። ስለዚህ ቡናው በመኸር ተለቅሞ፥ በበጋ በበቅሎ ወርዶ፥ በጋምቤላ መጋዘን ውሃው እስኪሞላ መቆየት ነበረበት። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስትሆን ጋምቤላ ያለችው ወደ 500 ሜትር ገደማ ነው። ይህን ቁልቁለት አምስት ስድስት ፈረሱላ ቡና ጭና የምትወርድ በቅሎ፥ ጭነቱ ወደ ፊት ወደ ትከሻዋ እንዳይንሸራተት የሚያደርገው ኮርቻው ብቻ ነው። ከዚያም ወዲያ ገንዲ የሚባለውን በሽታ የምታመጣው የቆላ ዝንብ ስላለች ነጋዴው በቅሎውን በቡሬ አቁሞ ብዙውን ጊዜ ሸክሙን በሰው ትከሻ ያስወርድ ነበር። የተሸካሚው መከራ ራሱን የቻለ ጽሕፈት የሚያስፈልገው ነውና ዛሬ አንገባበትም።

የኢሉባቦር መንገድ እንግዲህ ኮርቻን የሚፈትን መንገድ ነው። ዝናቡ በዓመቱ ውስጥ ብዙ ወር ይዘንባል፤ ቆዳ በእርጥበት ይበሰብሳል፤ ጠፍር ይላላል፤ እንጨት ያብጣል። ለሰልፍ የተሠራ ኮርቻ በዚያ አገር አንድ ክረምት አያልፍም። ክፉ ኮርቻ ከክፉ መንገድ ይልቅ በቅሎ ይገድላል የሚሉት ነጋዴዎች እውነታቸውን ነው፤ ጀርባዋ የቆሰለች በቅሎ ጉዳቷ እስኪሽር ያለ ሥራ ትቆማለችና፥ የባለቤቷም የዓመት ትርፍ በዚያው ይቀራል።

ኮርቻ እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ እንናገር፤ ብዙ ሰው ተቀምጦበታል እንጂ ውስጡን አላየውም። አጥንቱ እንጨት ነው። ሠሪው እንደ ዋንዛ ያለ ቀላልና ቶሎ የማይሰነጠቅ እንጨት ይመርጣል፤ ዋንዛ፥ በኦሮምኛ ዋዴሳ የሚባለው፥ በኢሉባቦር ደንና ጓሮ ሞልቷል። ሁለት ሳንቃዎች ይጠረባሉ፤ እነዚህም በከብቱ ጀርባ አጥንት ግራና ቀኝ የሚያርፉ ናቸው። ከፊትና ከኋላ ከፍ ከፍ ያሉት ሁለት ክፍሎች ሳንቃዎቹን ያያይዟቸዋል። በመካከል ክፍት ቦታ ይቀራል፤ የጥበቡ ምሥጢር ያለው በዚህ ክፍት ቦታ ነው። የሚቀመጠው ሰው ወይም ጭነቱ ክብደቱን በጎንና በጎን ባለው ሥጋ ላይ እንዲጥል እንጂ አከርካሪውን እንዳይነካ የሚያደርገው ይህ ነው። ስፋቱ ጣት ያህል ቢስት ከብቱ ይቆስላል። ስለዚህ ደኅና ሠሪ በቅሎዪቱን ሳያይ ኮርቻ አይጠርብም፤ እጁን በጀርባዋ ላይ አሳልፎ ይለካታል፤ ልክ ጥሩ ልብስ ሰፊ የሰውን ትከሻ እንደሚለካ።

እንጨቱ ከተጠረበ በኋላ በሚስማር ፋንታ በእርጥብ ጠፍር ይታሰራል። እርጥቡ ጠፍር ሲደርቅ ራሱን ይሰበስባል፤ እንጨቱንም ከብረት ይልቅ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ሚስማር የሚዝገውንና የሚላላውን ያህል ይህ ቶሎ አይላላም። ከዚያ በላይ የለፋ ቆዳ ይለብሳል። ቆዳውን ማልፋት የቀናት ሥራ ነው። ቁርበቱ ይነከራል፤ ጠጕሩ ይፋቃል፤ በእንቧይ ፍሬና በቁልቋል ወተት ይታሻል፤ የተልባ ወይም የኑግ ቅባት እየጠጣ በእግር ይረገጣል። ለመኰንን የሚሆነው ደግሞ ባሕረ ዐረብ በሚባለው በቀይ ቆዳ ይሸፈንና በክር ይጠለፋል። የጭነቱ ኮርቻ ይህ ጌጥ የለውም፤ ልፋቱ ግን አያንስም፥ እንዲያውም እኛን ከጠየቃችሁን የሞያው ልክ የሚታወቀው በጭነቱ ኮርቻ ነው።

ልጓሙና እርካቡ የብረት ቀጥቃጩ ድርሻ ነው። የጥንቱ ያገራችን ልጓም የታችኛውን መንጋጋ የሚከብ የብረት ቀለበት ያለው፥ ከዐረቦች ልጓም ጋራ የሚመሳሰል ነው፤ በጥቂት መሳብ ፈረሱን ባለበት ያቆመዋል። እርካቡ ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቅ ነገር አለው። ፈረሰኛው በባዶ እግሩ ይቀመጥ ስለ ነበር የጥንቱ እርካብ እግር የሚገባበት አልነበረም፤ አውራ ጣት፥ አንዳንድ ጊዜም ከአጠገቧ ካለችው ጣት ጋራ የምትገባበት ትንሽ ቀለበት ነበር እንጂ። ወደ አገራችን የመጡ ብዙ መንገደኞች ይህን አይተው ተደንቀው ጽፈዋል። ጫማ እየተለመደ ሲሄድ ግን የጫማው አፍንጫ በዚያ ቀለበት አልገባ ስላለ እርካቡ እየሰፋ ሄደ። እንግዲህ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ «300 ዓመት የሆነው ነው» ብሎ ሰፊ እርካብ ያለበት ኮርቻ ቢያሳይህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ከመክፈልህ በፊት እርካቡን አይተህ አስብበት። አሮጌውን እርካብ በአዲስ የለወጠ ባለቤት ይኖራልና ምስክርነቱ ፍጹም አይደለም፤ ቢሆንም ከሻጩ ቃል ይሻላል።

ባዶ እግር የሚጋልብ ሰው ደግሞ በተረከዙ ላይ ብረት አያስርም። ያገራችን ፈረሰኛ ፈረሱን የሚያስነሣው በጉልበቱ፥ በድምፁና በአለንጋው ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ግን በጫማው ተረከዝ ላይ የሚታሰር፥ በስተኋላው የምትሽከረከር ባለ ጥርስ ኮከብ ያለችበት የፈረስ መጎሰሚያ ብረት አለ። ይህን ብረት ወደ አሜሪካ ምድር ከፈረሱ ጋራ ያመጡት እስፓኞች ናቸው፤ ከእነርሱ የሜክሲኮ ከብት ጠባቂዎች ተማሩት፤ ከሜክሲኮዎቹም ካውቦይ የሚባሉት የአሜሪካ ምዕራብ ከብት ነጂዎች ወረሱት። እነዚያ ነጂዎች በ1865 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር የርስ በርሳቸው ጦርነት ካለቀ በኋላ ሠላሳ ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ መንጋ በመንዳት ስመ ጥሩ የሆኑ ድሆች ነበሩ። መሳፍንት አልነበሩም፤ ንጉሥም አልሸለማቸውም።

ይሁን እንጂ ዛሬ የእነዚያ ድሆች የተረከዝ ብረት በጨረታ እየቀረበ በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጣል። ዋጋውን የሚያስወጣው ማን እንዳሠረው ሳይሆን ማን እንደ ሠራው ነው። ሰብሳቢው በመጀመሪያ ብረቱን ገልብጦ የሠሪውን ማኅተም ይፈልጋል። ማኅተሙ ካለ ዋጋው ይወጣል፤ ከሌለ የብሩን አቀራረጽና የኮከቧን ጥርስ አይቶ የማን እጅ እንደ ሆነ ይከራከራል። በኔቫዳ አገር ኤልኮ በምትባል ትንሽ ከተማ ጓዳሉፔ ጋርሲያ የሚባል ኮርቻ ሠሪ ነበረ። የሠራውም ኮርቻ በ1904 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በሴንት ሉዊስ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን የወርቅ ሜዳይ አግኝቷል። ልጆቹም ሞያውን ቀጠሉ፤ ስሙ ያለበት ልጓምና የተረከዝ ብረት ዛሬም በዚያች ከተማ ይሠራል። ኤልኮ ከመቱ የምትበልጥበት ነገር ቢኖር የከብት አገር መሆኗ አይደለም፥ መቱም የከብት አገር ናትና፤ የጥበብም ብዛት አይደለም። የሠሪውን ስም በቆዳው ላይ መምታቷ ነው።

በኛ ዘንድ ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆነ። ሰው በፈረሱ ስም እስኪጠራ ድረስ ፈረስን እናከብር ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፥ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፥ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፥ ራስ አሉላ አባ ነጋ የተባሉት በዚህ ልማድ ነው። ፈረሱ ስም አለው፤ ፈረሰኛው በፈረሱ ስም ይጠራል፤ ኮርቻውን የሠራው ብቻ ስም የለውም። በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት እናቴ ፈረስ ናት አለ ይባላል፤ ያገራችንም ኮርቻ ማን ሠራህ ሲሉት ጌታዬ ራስ ናቸው የሚል ይመስላል።

ምክንያቱ አይሰወርም። ቆዳ የሚያለፋውን ሰው ፋቂ፥ ብረት የሚቀጠቅጠውን ጠይብ፥ በኦሮሞም አገር ጡምቱ እያለ ሕዝቡ አርቆት ኖሯል። ልጁን አያጋባውም፥ ከማዕዱ አያስቀምጠውም፥ ዓይኑ ይወጋል እያለ ይፈራዋል፥ በብዙም ስፍራ ርስት አይሰጠውም ነበር። ገበያ ሲወጣም ተለይቶ በዳር ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ሰው በሠራው ኮርቻ ላይ ስሙን ይጽፋል ተብሎ አይጠበቅም፤ ቢጽፈውም ኖሮ ገዢው አይወስድለትም ነበር። ሞያው ከአባት ወደ ልጅ የወረደው ስለ ክብሩ ሳይሆን ሌላ በር ስለ ተዘጋ ነው። ለዚህ ነገር ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። በዚያ አዋጅ ከሚሰደቡት መካከል ብረት ሠሪውና ሸማኔው ብቻ ሳይሆኑ ጽሕፈት የሚያውቀውም ጭምር መቈጠሩን ልብ ማድረግ ይገባል፤ ብዕር የያዘውም ሰው ከስድቡ አላመለጠም ነበርና።

እዚህ ላይ ለካህናት ወገኖቻችን አንድ ነገር እንናገራለን፤ እኛም ከዚያው ቤት የወጣን ነንና አትቆጡንም። የብራና መጽሐፍ የሚያዘጋጀው ደብተራ ምን ያደርጋል? የፍየል ወይም የበግ ቆዳ በውሃ ይነክራል፤ በመወጠሪያ ላይ ይወጥራል፤ ሥጋውንና ጠጕሩን ይፍቃል። ፋቂው በዳር ተቀምጦ የሚሠራው ሥራ ከዚህ በምን ይለያል? አንዱ በፍቀቱ ተከበረ፤ ሌላው በፍቀቱ ተናቀ። በልጅነታችን ለብሰነው ፊደል የቈጠርንበት ደበሎ፥ ዳዊታችንን የያዝንበት ማኅደር፥ በዓመት በዓል የምንመታው ከበሮና እርሱን የሚወጥረው ጠፍር ከፋቂ እጅ የወጡ ናቸው። ቅዱስ ጴጥሮስ በኢዮጴ ብዙ ቀን የተቀመጠው በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት መሆኑን የሐዋርያት ሥራ ይነግረናል፤ ከአሕዛብ መጠራት ጋራ የተያያዘውን ራእይም ያየው በዚያው ቤት ሳለ ነው። በግብፅ አገርም በአባ አብርሃም ሊቀ ጳጳሳት ዘመን ስለ ተራራው መፍለስ የሚነገረው የስምዖን ጫማ ሰፊው ታሪክ ለማንም ካህን እንግዳ አይደለም። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ለማምጣት አንደክምም።

የመለያየቱ ልማድ ዛሬ እጅግ ቀንሷል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስት ለሌለው ባለሞያ ሁሉ የሚያርሰው መሬት እንዲያገኝ በር ስለ ከፈተ፥ ብዙ ፋቂና ጠይብ አራሽ ሆነ። ይህ መልካም ነው፤ የሚያስጸጽትም አይደለም። ግን መሬት ያገኘው ሰው የሚያሳፍረውን ሞያ ለልጁ ለምን ያስተምራል? ተወው። በጎንደር በኩልም ልጓምና እርካብ ከሚቀጠቅጡት መካከል ቤተ እስራኤል ብዙ ድርሻ ነበራቸው፤ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል በብዛት ሲጓዙ እጃቸውም አብሯቸው ሄደ። በኢሉባቦር ደግሞ የመኪና መንገድ ከጅማ መቱ፥ ከመቱ ጎሬና ጋምቤላ ሲዘረጋ የሩቁ መንገድ ጭነት ከበቅሎ ወደ ካሚዮን ዞረ። በመቱ ከተማ ውስጥ ሰው የሚያመላልሰው ባጃጅና ሞተር ብስክሌት ነው።

ይሁን እንጂ በቅሎ አልቀረችም። በኢሉ አባ ቦርና በቡኖ በደሌ ዞኖች ከዋናው መንገድ ርቀው በደን ውስጥ ያሉት ቀበሌዎች ቡናቸውን እስከ መኪናው መንገድ የሚያደርሱት ዛሬም በጋማ ከብት ነው። በአገራችን ከሌሎች የአፍሪቃ አገሮች ሁሉ የሚበልጥ፥ ወደ 2 ሚሊዮን የሚሆን ፈረስ አለ፤ የበቅሎውም ቍጥር በመቶ ሺህ የሚቈጠር ነው። ከብቱ ሲኖር ኮርቻ ሠሪው ከጠፋ ምን ይሆናል? የሆነውን በማናቸውም የገበያ ቀን ሄዶ ማየት ይቻላል። የማዳበሪያ ጆንያ ተጠቅልሎ በጀርባ ላይ ይጣላል፤ በላዩ ጭነቱ ይወጣል፤ በሆዱ ሥር የናይሎን ገመድ ይታሰራል። ናይሎን እንደ ጠፍር አይለዝብም፤ ላብ አይጠጣም፤ ሲጠብቅ ቆዳ ይቈርጣል። የጋማ ከብት ሐኪሞች ከሚያክሟቸው በሽታዎች ብዙው በእንዲህ ያለ ዕቃ የመጣ ቁስል መሆኑን ይናገራሉ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፥ ባለቤቱ ግን ጭነቱን ሳይሆን ከብቱን ይመታል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ይህ የሚሆነው ቆዳ ታጥቶ አለመሆኑ ነው። ባለፉት ዓመታት የጥሬ ቆዳ ዋጋ ስለ ወደቀ በበዓላት ማግስት በብዙ ከተሞች የከብትና የበግ ቆዳ በየመንገዱ ተጥሎ ታይቷል። ከውጭ በዶላር የመጣ ገመድ በቅሎ ያቈስላል፤ ያገር ቤት ቆዳ ውሻ ይጎትተዋል። በዚህ ላይ ምን አስተያየት መጻፍ ይቻላል?

ፈረስ በክብር በሚጋለብበት ስፍራ ሞያው እንደማይሞት ለማየት ወደ አገው ምድር መሻገር ነው። በእንጅባራና በአካባቢዋ ያለው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፥ በዐድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶች በማሰብ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል፤ አባላቱም በአሥር ሺህዎች የሚቈጠሩ ናቸው። በዚያ ቀን ባለጌጥ ኮርቻ፥ መጣብርና ግላስ የማያስፈልገው ፈረሰኛ የለም፤ ስለዚህ በዚያ አገር ኮርቻ የሚሠራ ሰው ገዢ ያገኛል። ኢሉባቦርም የፈረስ ወዳጅ ሕዝብ ያለበት አገር ነው፤ የጎደለው ሰውን ከሞያተኛው የሚያገናኝ እንዲህ ያለ ማኅበር ነው።

አሁን ወደ አሮጌው ዕቃ እንመለስ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብ፥ ያለ ፈቃድም ከአገር እንዳይወጣ ያዛል። ቢሆንም ሕዝቡ ቅርስ ሲባል ታቦትና መስቀል፥ ዘውድና የብራና መጽሐፍ እንጂ ኮርቻ አይመስለውም። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የዘረፈውን ዕቃ በ15 ዝሆኖችና በ200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭኖ እንደ ወሰደ ሁላችንም እየተቈጨን እንናገራለን። ከጎሬና ከመቱ ቤቶች ግን መጣብርና እርካብ የሚወጣው በጦር አይደለም፤ የሟች ልጆች ርስት ሲካፈሉ ለማንም የማይረባ መስሏቸው ለዘዋሪ ነጋዴ በትንሽ ብር ስለሚሰጡት ነው። ነጋዴው ብሩን ከቆዳው ለይቶ ለብር አንጣሪ፥ ልጓሙን ለአሮጌ ዕቃ ሻጭ ይሸጣል፤ እንጨቱ ወደ እሳት ይገባል። ከላይ እንዳልነው ጥበቡ ያለው በእንጨቱ ነበር።

አብያተ ክርስቲያናትም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። መኳንንቱ ሲሞቱ በቅሏቸውን ከነዕቃዋ ለሚወዱት ደብር መስጠት የተለመደ ነበርና፥ በዕቃ ቤቶች ጥግ ምስጥ የሚበላው ኮርቻ ይገኛል። በንብረት መዝገቡ ላይ «አሮጌ ኮርቻ 1» ተብሎ ይጻፋል፤ ወይም ሰጪው ከታወቀ «ከደጃዝማች እገሌ የተሰጠ» ይባላል። ገበዙ ይህን ዓምድ በሚጽፍበት ሰዓት አንድ ሽማግሌ ጠርቶ ማን እንደ ሠራው ቢጠይቅ የሚያጠፋው ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ያ ሽማግሌ ግን ዛሬ ሰማንያ ዓመት አልፎታል።

የመንግሥት ሹማምንትስ? ኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም. የማይዳሰስ ቅርስን ለመጠበቅ የተደረገውን የዓለም ስምምነት አጽድቃለች። በዚህም ስምምነት የሚጠበቀው ዕቃው ብቻ ሳይሆን ዕቃውን የሚሠራው እጅ፥ ልኩን የሚያውቀውም ዕውቀት ነው። እንግዲህ የመቱ የባህልና የቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ወደ ጎሬ፥ ወደ ቡሬ፥ ወደ ሁሩሙና ወደ ያዮ ለምዝገባ ሲወጣ የሚይዘው ቅጽ የዕቃውን ዓይነት፥ ቁመትና ባለቤት ከጠየቀ በኋላ ሌላ ዓምድ ሊጨመርበት ይገባል። የሠሪው ስም፥ የአባቱ ስም፥ የኖረበት ቀበሌ ይጻፍ። ስሙ ካልታወቀ ከየትኛው ገበያ እንደ ተገዛ ይጻፍ። ይህም ካልታወቀ እንጨቱ ምን እንደ ሆነ፥ ጠፍሩ በስንት ዙር እንደ ታሰረ፥ እርካቡ ለጣት ይሁን ለጫማ የተሠራ ተለይቶ ይጻፍ፤ የአንድ ሰው እጅ ከአንድ ሰው እጅ የሚለየው በዚህ ነውና፥ ሁለት ሦስት ኮርቻ አንድ ዓይነት አስተሳሰር ከታየባቸው የአንድ ቤት ሥራ መሆናቸውን መገመት ይቻላል። የሠሪው ልጅ ወይም የልጅ ልጅ በሕይወት ካለ ደግሞ ኮርቻው ሲጠገን እርሱ ይጠራ፤ ዋጋውም ይከፈለው። ምዝገባው በኢሉባቦር ከክረምት በፊት ቢጀመር ይሻላል፤ ከሰኔ ወዲያ ወደነዚያ ቀበሌዎች የሚያደርሰው መንገድ በቅሎ ካልሆነ በቀር አያስኬድም።